የሱጉሌ ቡድን

ሰው ሁሉ እድለኛ ነህ ይለኛል። ታሪኩን የሰሙ የሰፈር እናቶች ባጃጄ ላይ ሲሳፈሩ፣ «ደበሌ፣ አንተ እኮ ተርፈህ ነው፤ አልሐምዱሊላህ በል እንጂ» ይሉኛል። እላለሁ። በአፌ እላለሁ። ሆዴ ግን እስከ ዛሬ ሌላ ነው የሚለው። ከቡድኑ ያወጣኝ ሱጉሌ ነው፤ ሰው ፊት ነው ያወጣኝ፤ ይህን አልረሳም።

ነገሩ የሆነው በ2011 ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ከስምንተኛ በላይ አልገፋሁም፤ ስለዚህ ጽሑፌ ላይ ስህተት ያገኘ ሰው ለራሱ ይያዘው።

የሱጉሌ ጌም ቤት ከጫት ተራው ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ከዐስር ሰላት በኋላ ትልልቆቹ ወንዶች ጫታቸውን ይዘው ሲቀመጡ ጅጅጋ ጸጥ ትላለች፤ ያኔ እኛ ልጆች አንድ በአንድ እየሾለክን እዚያ እንገባለን። ውስጡ የቤንዚንና የእግር ላብ ይሸታል። ንፋሱ ቆርቆሮውን ሲመታው ጣሪያው ላይ ሰው የሚሮጥ ይመስላል። ሱጉሌ ከቶጎ ውጫሌ በኮንትሮባንድ የገቡ አሮጌ የእጅ ጌሞች ነበሩት፤ ስክሪናቸው የተሰነጠቀ፣ አንዳንዱ በጎማ የታሰረ። ጨዋታውን «ባሃል» እንለዋለን፤ በሶማሌኛ አውሬ ማለት ነው። አውሬ ከዱር ታጠምዳለህ፣ ታሳድጋለህ፣ ታሰለጥናለህ፣ ከዚያ ከሌላ ሰው አውሬ ጋር ታዋጋዋለህ።

ሱጉሌ ሃያ ሁለት ወይ ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። አባትም እናትም አልነበረውም። አንዱ ከቀብሪበያ የስደተኛ ካምፕ ነው የመጣው ይላል፣ ሌላው ከድንበር ማዶ ነው ይላል። እሱ ራሱ ስትጠይቀው ይስቃል። እኛ ግን እንደ እሱ የምናመልከው ሰው አልነበረም። ቡድን እንዴት እንደሚሠራ ያስተማረን እሱ ነው።

«ስድስት አንበሳ ይዘህ ብትገባ በአንድ ጎርፍ ታልቃለህ» ይለን ነበር። «ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ቡድን ማለት ጉልበት አይደለም። አንዱ የሚፈራውን ሌላው የማይፈራው ከሆነ፣ ያ ነው ቡድን።»

ለአንድ ትልቅ ውድድር ስድስት ልጅ መረጠ። እያንዳንዱ አንድ ባሃል ያሳድጋል፤ ስድስቱ አንድ ላይ ይገጥማሉ። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሻርማርኬ ጭልፊት ነበረው፤ ማንም ሳይነሳ ቀድሞ የሚመታ። ሌሎቹም እንደዚሁ፣ እባቡ ይመርዛል፣ የውሃዋ ወፍ የቆሰለውን ታድናለች። ለእኔ ሱጉሌ ኤሊ ሰጠኝ። መጀመሪያ አለቀስኩ። ኤሊ! ኋላ ግን ገባኝ፤ ኤሊ ዱላ ተቀባይ ናት። ሌሎቹ እስኪዘጋጁ ፊት ቆማ የምትመታው እሷ ናት። ስንትና ስንት ትንንሽ አውሬ አዋግቼ የጀርባዋን ቅርፊት እንደ ድንጋይ አደረግሁት። አንድ ቀን የሻርማርኬ ጭልፊት ደጋግሞ መታት፤ አልሞተችም። ሱጉሌ ራሴን ደባብሶ፣ «ይሄ ልጅ ባይኖር ሁላችሁም ሥጋ ናችሁ» አላቸው። እንደዚያ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው በሕይወቴ አልነበረም። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ነው የሞተው፤ እናቴ ደግሞ ከሽንኩርቷ ጋር ነው የምትነጋገረው።

ሰውየው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጫማው አቧራ አልነበረበትም። ጅጅጋ ውስጥ ጫማው አቧራ የሌለበት ሰው ከመኪና ያልወረደ ሰው ብቻ ነው። ሱጉሌ ሲያየው ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀለት፤ ሱጉሌ ለማንም ተነስቶ አያውቅም። ልጆቹ ሁሉ ጌማቸውን ዝቅ አደረጉ። ከጎኔ ሻርማርኬ ለጓደኛው «መጋፌ ይሄ ነው» ብሎ ሲያንሾካሽክ ሰማሁት።

«መጋፌ ምንድነው?» አልኩት።

ሁለቱ ተያዩ። ሻርማርኬ፣ «የመጨረሻው ባሃል ነው፤ ሰውየው ስለሱ ሊነግረን ነው የመጣው። ማንም አሸንፎት አያውቅም» አለኝ።

«የእሳት ነው የውሃ?»

«የአሸዋ።»

አሁን ይህን ቃል ጅጅጋ ውስጥ የማያውቅ የለም። መጋፌ ማለት የማይስተው ማለት ነው። ልጆቹን ሳያስከፍል በነፃ በሱዳን በኩል ሊቢያ የሚያወርድ፣ እዚያ ዘግቶባቸው የማስለቀቂያ ገንዘብ ላኩ እያለ ወደ ቤተሰብ የሚያስደውል ሰው ነው። ያኔ ግን እኔ ያመንኩት ሻርማርኬ የነገረኝን ነው። ሰውየውን የውድድሩ ዳኛ አደረግሁት።

ዳኛው አንድ በአንድ እያስነሳ ተመለከተን። የሻርማርኬን ክንድ ጨበጥ ጨበጥ አደረገው፤ አገጩን ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው። በግ ተራ ደላላ እንደዚያ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ሰው ላይ ሲደረግ ግን አይቼ አላውቅም።

«የማን ልጅ ነህ?» አለው።

ሶማሌ እንዲህ ሲልህ የአባትህን ስም ብቻ አይደለም የፈለገው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልክ እስከ ጎሳህ ራስ ድረስ ትወጣለህ። የሰፈራችን ሕፃን እንኳ እንደ ፋቲሃ ይወርደዋል። ሻርማርኬም ወረደው። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ መሃል ላይ አቁሞ፣ «እገሌ አጎትህ ነው? ውጭ ያለው?» አለው። «አዎ፣ አዴር» አለው፤ ለትልቅ ሰው የሚባል ነው፣ አጎቴ እንደማለት። ሰውየው ፈገግ አለ።

እኔ ጋ ደረሰ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

«የማን ልጅ ነህ?»

«ደበሌ ኡመሬ።»

«እሺ። ከዚያስ?»

ከዚያ በላይ የለኝም። «እናቴ ፌኔት ትባላለች» አልኩ። «ሽንኩርት ትሸጣለች።»

እጁን ከክንዴ ላይ አነሳ። ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈ። ሱጉሌ መሬት መሬት ያይ ነበር። ወደ ቤት ስሄድ፣ የአያቶቹን ስም ያልቆጠረ ልጅ አይወዳደርም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

እናቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው ትለያለች። ፊቷ ቁጢጥ ብዬ፣ «አያቴ ማን ይባላል? ቅድመ አያቴስ?» አልኳት።

እጇ ቆመ።

«ማነው የጠየቀህ?»

«አንድ ሰውዬ።»

«ምን ብሎ?»

«የማን ልጅ ነህ ብሎ።»

«ያ ረቢ!» ብላ ተነሳች። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩን ዘጋችው፤ የሽንኩርቱን ከረጢት ጎትታ ደገፈችበት። አከራያችንን ረቢዓን በአጥሩ ቀዳዳ ጠራቻት። ሁለቱ ቆመው ሲንሾካሾኩ ግማሹን ነበር የምሰማው።

«ደግሞ ሊጀምሩ ነው?» ትላለች እናቴ።

«ወላሂ እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«የማን ነህ እያሉ ልጅ ይጠይቃሉ ረቢዓ! አምና እንዴት ነበር የጀመረው?»

«ዝም በይ አንቺ። ልጁን አታውጪው፣ በቃ። ከመጡ ዘመዶቼ ናቸው እላለሁ፤ አምናስ ብያለሁ አይደል?»

እናቴ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈች። እኔ እሷን አይቼ የባሰ ፈራሁ፤ እናቴም መጋፌን ታውቀዋለች፣ እሷም እንዲህ ትፈራዋለች አልኩ። እናቴ የፈራችው ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ሐምሌ እንደ እኛ ሶማሌ ያልሆነው እየታደነ ከተማው ሲቃጠል፣ ሱቅ ሲዘረፍ፣ የረቢዓ አልጋ ሥር ተኝተን ያሳለፍነው ነበር በዓይኗ የመጣባት። ምስኪን፣ የአምናውን አውሬ በር ላይ ስትጠብቅ የዘንድሮው በሌላ በኩል ገባ። ሁለታችንም የምንፈራውን ስተናል፤ ፍርሃታችን ግን ልክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ስትሄድ ለረቢዓ አደራ ትሰጠኝ ጀመር። እኔ ከውስጥ ሆኜ የአያት ስም ስፈጥር ዋልኩ። ኡመሬ ካልኩ በኋላ ቃሲም አልኩ፣ ከቃሲም በኋላ ሲጠፋብኝ የገበያውን የሱቅ ታፔላ በሐሳቤ እያየሁ ከዚያ ወሰድኩ። ንፋሱ አቧራ እያነሳ በሩን ሲገፋው፣ የአሸዋው ባሃል ሽታዬን ያገኘው እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ቢሆንም ቡድኑ ያለ ኤሊ እንዴት ይገጥመዋል? ፊት ቆሞ የሚመታላቸው ማነው? ለዚህ ነበር ፍርሃቴን ውጬ መሄድ ያለብኝ።

ረቢዓ የዙሁርን ሰላት ስትሰግድ በአጥሩ ዘለልኩ።

ጌም ቤት ስገባ ቦታዬ ላይ ዐብዲሰላም ተቀምጧል። ከሀርሺን የመጣ ወፍራም ልጅ ነው፤ አባቱ በግና ግመል ወደ በርበራ የሚጭን ትልቅ ነጋዴ። የእኔን ጌም ይዟል። የእኔን ኤሊ። ቁልፉን እንኳ በቅጡ አይጫንም፤ ኤሊዋን ቅርፊቷ ውስጥ ማስገባት ሲገባው ሮጣ እንድትነክስ ይልካታል። ኤሊ ያስሮጣል! ዓይኔ እያየ ሞተች።

«ገደላት!» ብዬ ጮህኩ። «ሱጉሌ፣ ገደላት እኮ!»

«ትነሳለች፣ ተረጋጋ» አለ ሱጉሌ ሳያየኝ።

«ቦታዬ ነው። አሁን ስማቸውን አውቄአለሁ። ልንገርህ?» ደረቴን ነፍቼ ጀመርኩ። «ደበሌ፣ ኡመሬ፣ ቃሲም፣ ሀጂ ረሺድ፣ ዳሎል…»

ሻርማርኬ ፈነዳ። «ዳሎል እኮ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው!»

«ቀጥሎ አያቱ የጥርስ ክሊኒክ ነው ወላሂ» አለ አንዱ።

«የሽንኩርት ጎሳ ራስ!»

ዐብዲሰላም ሳይቀር ሳቀ፤ ጉንጩ እየተንቀጠቀጠ። ሱጉሌ ብቻ አልሳቀም። ተነስቶ አንገቴን በኋላ ይዞ እስከ በሩ ገፋኝ።

«ስማ፣ ዋርያ። ኤሊዋ ጥሩ ናት። አንተ ግን አትረባም። ሂድ እናትህ ጋ ሽንኩርት አራግፍ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ።»

ይህን ሁሉ ሰው ፊት።

ከክፍሉ ጀርባ ካለው የውሃ በርሜል ሥር ተሸጉጬ አለቀስኩ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ቅዳሜ፣ ከዙሁር በኋላ፣ የደምበል መንገድ መውጫ ላይ። «መጋፌ ይጠብቀናል፤ ለቤተሰብ አንድ ቃል እንዳይወጣ» አለ ሱጉሌ። ድምፁ ያንን የማውቀውን አይመስልም ነበር፤ እሱም የፈራ ይመስላል። እንግዲህ ሊገጥሙት ነው፣ በዚያ ወፍራም ልጅ ሊገጥሙት ነው፣ ይበላቸዋል አልኩ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ነጭ ሚኒባስ ነበር፤ መስኮቱ በመጋረጃ የተሸፈነ። በሩ ሊዘጋ ሲል ሮጬ ገባሁና ወለሉ ላይ በሻርማርኬ እግሮች መሃል ተወሸቅሁ። ሻርማርኬ አልሳቀም። አላባረረኝምም። ዐብዲሰላም ከኋላ በዝግታ ያለቅሳል። አንድም ልጅ ጌም አልያዘም። ይህን ሳይ ነው ውስጤ አንድ ነገር የቀዘቀዘው። ያለ ባሃል ወደ ውጊያ የሚሄድ ማነው?

ከሹፌሩ ጎን ሰውየው ዞረ። ጫማውን ሳይሆን ዓይኑን ነው አሁን ያየሁት።

«ይሄ ማነው?»

«ማንም አይደለም» አለ ሱጉሌ።

«ከመጣ ይምጣ። ቦታ አለ።»

«አዴር፣ ይሄ ማንም የለውም። ብትደውል የሚያነሳልህ የለም።»

ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። ሱጉሌ ኮሌታዬን ይዞ ጎተተኝ፤ የወንበሩን ብረት ያዝኩ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ወረወረኝ፤ ጠጠሩ ላይ ወደቅሁ። ወርዶ ደግሞ በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ጮኸ። «ብትከተለን እግርህን እሰብረዋለሁ!» አለ። ከንፈሩ ነጭ ነበር። ሚኒባሱ ሄደ፤ አቧራው እኔ ላይ ቀረ።

ክርኔ ላይ ጠባሳው አለ። መሪ ስይዝ አየዋለሁ።

ከዚያ የሰፈሩ ስልክ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ የጨርቅ ነጋዴው ቤት። የሻርማርኬ እናት ዑባህ ስልኩን እንደያዘች መንገድ ላይ ወጥታ ወደቀች፤ ሴቶች ውሃ ያፈሱባታል፣ ስልኩ ውስጥ ግን ልጇ ይጮህ ነበር። ስልኩ መሬት ላይ ተንጋሎ ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎች መስጊድ በር ላይ ተሰበሰቡ። ጎሳው ቃራን ሊያወጣ ነው፤ አንድ ሰው ሲቸገር ዘመድ ሁሉ፣ ሀርሺን ያለውም፣ አሜሪካ ያለውም የሚያዋጣው ነው። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ፣ ተሸንፈዋል፣ ያለ እኔ ተሸነፉ ነበር የምለው። የተሸነፈ ቡድን የሚታሰርበት ጨዋታ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

የዐብዲሰላም አባት መንጋውን ሸጦ ጨረሰ። ዐብዲሰላም ግን አልመጣም፤ እስከ ዛሬ።

ሻርማርኬ መጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ በተመላሾች አውሮፕላን። አንድ እግሩ አይታጠፍም። አሁን የአባቱ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ አንዳንድ ቀን ባጃጄን ይጠራና ዝም ብለን ከተማውን እንዞራለን።

አንድ ቀን ጠየቅሁት። «ለምንድነው እኔን ያወጣኝ?»

«እስካሁን አልገባህም?» አለኝ። «ኤሊ ያሳደገ ሁሉ ይሄዳል መሰለህ? ሰውየው የፈለገው ቃራን የሚወጣለት ልጅ ነው። ሱጉሌ ሰብስቦ ካመጣ እሱ በነፃ አውሮፓ ይገባል፤ ነገሩ ያ ነበር። አንተ ምን አለህ? ሽንኩርት።»

«ሰውየው ግን ይምጣ ብሎ ነበር። ሰምተኸዋል።»

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ደበሌ? ሱጉሌን ጠይቀው።»

ሱጉሌ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። እናቴ ነገሩን ከሰማች ወዲህ፣ «አዳነህ እኮ፤ ዱዓ አድርግለት» ትለኛለች። ሊያድነኝ ከሆነ በጆሮዬ አንድ ቃል መናገር ያቅተው ነበር? ሽንኩርት አራግፍ ማለት፣ በጥፊ መምታት ምን ያስፈልጋል? ደግሞ ዋጋ ሲያወጣልኝ ከነበረ፣ ልክ ነው ያወጣው፤ ያ ነው የሚያንገበግበኝ። ሌሎቹን ለምን አላዳነም? ዐብዲሰላምስ የማን ጠላት ነው? እኔ ሁለቱንም ሱጉሌ ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው የምነዳው።

ለሻርማርኬ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ።

በዚያው ዓመት፣ የሰፈሩ ስልኮች ጸጥ ካሉ በኋላ፣ ከሰዓት ላይ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው። እናቴ እጇ በሽንኩርት ቆሽሾ ስለነበር «አንሳው» አለችኝ።

«ደበሌ?»

ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ሆኗል፤ ግን አወቅሁት። ኤሊዬ ቻርጅ ላይ ናት ወይ እያልኩ በዚያ ስልክ በየቀኑ አሰለቸው ነበር፤ ቁጥሩ በቃሉ ቀርቶ ይሆናል።

«ሱጉሌ! አሸነፋችሁት?» አልኩት።

ከኋላው አንድ ሰው ያቃስታል። ሌላ ሰው በዓረብኛ ይጮሃል። አንድ ነገር ጯ አለ፣ እንደ እርጥብ ልብስ፤ ሱጉሌ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ። የስልኩ ጆሮ ላብ በላብ ሆነብኝ።

«ደበሌ፣ ሲጠይቁህ ወንድሜ ነው በል። እሺ? ወንድሜ ነው በላቸው። ሌላ ሰው የለኝም።»

ምን እንደሚሆን አላወቅሁም። ግን እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ። ወንድሜ አለኝ። እሺ ልለው አፌን ከፍቻለሁ።

እናቴ ፊቴን አይታ ኖሯል፤ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችው። ሌላ ድምፅ መጥቶ ነበር፤ ጥሩ አማርኛ የሚናገር፣ የተረጋጋ ወንድ። «ልጃችሁ እኛ ጋ ነው» ሲል ሰማሁት።

እናቴ በአንድ እጇ የእጄን አንጓ ያዘችኝ። ጨመቀችኝ፣ አጥንቴ እስኪያመኝ።

«ተሳስታችኋል» አለችው። «የእኔ ልጅ እዚሁ አጠገቤ ነው።»

ዘጋችው። ወዲያው ስልኩ እንደገና ጮኸ። ክዳኑን በጥፍሯ ከፍታ፣ ሲሙን አውጥታ በጥርሷ ሰበረችው፤ ስብርባሪውን ከበሰበሰው ሽንኩርት ጋር ጣለችው።

ሱጉሌ ሌላ ቁጥር በቃሉ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም።